በእሾህ አክሊል ፊት የተማለ መሐላ



የኢትዮጵያ ነገሥታት ሲዘምቱ ከሠራዊቱ ጋር የሚጓዝ አንድ ሥዕል ነበራቸው። ኩርዓተ ርእሱ ይባላል። ጌታችን የእሾህ አክሊል ደፍቶ፣ ደሙ በፊቱ እየወረደ የሚታይበት ሥዕል ነው፤ ወታደሮቹ ራሱን በመቃ የመቱበትን ሰዓት ያሳያል። በአውሮፓ ሠዓሊ እጅ እንደተሠራና በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ ወደ አገራችን እንደገባ ይታመናል። መኳንንቱ ለንጉሥ ታማኝ ለመሆን የሚምሉት በዚህ ሥዕል ፊት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1744 ዳግማዊ ዐፄ ኢያሱ ከስናር ጋር ገጥመው ድል ሲሆኑ ሥዕሉም ተማረከ፤ ኋላ በካሳ ተዋጅቶ ወደ ጎንደር ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ1868 መቅደላ ላይ ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ ግን ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየም መልእክተኛ ሪቻርድ ሆምስ ይዞት ሄደ። ለሙዚየሙም አላስረከበውም፤ የግል ንብረቱ አድርጎ አስቀመጠው። ሥዕሉ እስከ ዛሬ ወደ አገሩ አልገባም።

ይህን ያነሣሁት ስለ ተዘረፉ ቅርሶች ለመናገር ብዬ አይደለም፤ እሱ ራሱን የቻለ ሐዘን ነው፣ ራሱን የቻለ ጉባኤም ይፈልጋል። እኔን ዘወትር የሚያስደንቀኝ የመሐላው ነገር ነው። ሰይፍ የታጠቀ ራስ፣ ሺህ ጦር ከኋላው የሚሰለፍለት ደጃዝማች፣ አንገቱን ዝቅ አድርጎ የሚምለው በማን ፊት ነው? በታሰረ፣ በተተፋበት፣ ጭፍሮች በተሣለቁበት ሰው ፊት ነው። አባቶቻችን ከዚህ የተሻለ የግርማ ሥዕል አጥተው አይመስለኝም። በመላእክት የታጀበ፣ በዙፋን የተቀመጠ፣ መጽሐፍ የያዘ ክርስቶስ በየመቅደሳችን ግድግዳ ላይ ሞልቷል። ለመሐላ የመረጡት ግን ይህን ነው።

ዛሬ ስለ ክርስቶስ ንጉሥነት እንድናገር ስትጋብዙኝ የመጣልኝ ጥያቄ ይኸው ነበር፦ ክርስቲያን ኢየሱስን «ንጉሥ» ሲል ምን ዓይነት ንጉሥ ማለቱ ነው? ያ ንጉሥስ ሌሎቹን ነገሥታት ምን ያደርጋቸዋል?

ወንጌላዊው ዮሐንስ 18ኛውንና 19ኛውን ምዕራፍ የጻፈው የንግሥ በዓል ሥርዓት እንደሚጻፍ አድርጎ ነው። እስቲ በዚህ ዓይን አንብቡት። መጀመሪያ አክሊል ይደፋል። ቀጥሎ ቀይ ልብስ ይደረባል። ጭፍሮቹ እየቀረቡ የንጉሥ ሰላምታ ያቀርባሉ። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ይወጣል፣ እንዲታይ ይደረጋል። በመጨረሻም ከፍ ይላል፤ ከራሱ በላይም ስሙና ማዕርጉ በዕብራይስጥ፣ በሮማይስጥና በጽርዕ ተጽፎ ይታወጃል። ሦስቱም ቋንቋዎች የዚያ ዘመን የሃይማኖት፣ የአስተዳደርና የዕውቀት ቋንቋዎች ነበሩ። ወታደሮቹ እየቀለዱ ነው፤ ጲላጦስም የካህናቱን አለቆች ለማናደድ ይመስላል እንዲህ ያስጻፈው፤ እንዲያርመው ቢጠይቁትም እምቢ አለ። ዮሐንስ ግን ለአንባቢው የሚያሳየው የሚዘብቱት ሰዎች ሳያውቁት እውነቱን ሲፈጽሙ ነው። የቀረው የንግሥ ሥርዓት የለም። ዙፋኑ መስቀሉ ነው።

ጲላጦስ «ንጉሥ ነህን?» ብሎ ሲጠይቀው ጌታችን መንግሥቱ ከዚህ ዓለም እንዳልሆነች፣ ብትሆን ኖሮ ሎሌዎቹ ይዋጉለት እንደነበር መለሰ። ይህ መልስ ስንት ጊዜ ተጣመመ! አንዳንዱ «ስለዚህ ክርስቶስ በዚህ ዓለም ጉዳይ አያገባውም፤ ሰማዩን ለእሱ፣ ምድሩን ለመንግሥት» ብሎ ተረጎመው። ለገዢዎች ከዚህ የሚጥም ትርጓሜ የለም። ጌታችን ግን መንግሥቱ ከምን እንደማትመነጭ ነገረው እንጂ እዚህ ምንም የላትም አላለውም። ጥቂት ቆይቶ እዚያው ችሎት ላይ ለአገረ ገዢው፣ ያለህ ሥልጣን ከላይ ባይሰጥህ ኖሮ በእኔ ላይ አንዳች ሥልጣን ባልነበረህ አለው። እጁ የታሰረው ተከሳሽ የዳኛውን ሥልጣን ምንጭ ይነግረዋል። በዚያ ክፍል ውስጥ ማን ማንን እየመረመረ እንደነበር አስቡት።

አሁን ወደ ራሳችን ዙፋን ልመለስ። በነገሥታታችን ማኅተም ላይ «ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» የሚል ተጽፎ እናገኛለን። ብዙዎቻችን የንጉሠ ነገሥቱ ማዕርግ አድርገን እየቆጠርነው ነው ያደግነው። የታሪክ ሊቁ ስቬን ሩበንሰን ጉዳዩን መርምሮ፣ ሐረጉ በመነሻው የንጉሡ መጠሪያ ሳይሆን ስለ ክርስቶስ ድል የሚመሰክር የእምነት ቃል እንደነበር ተከራክሯል። ንጉሡ ማኅተሙን ሲያትም በመጀመሪያ «ድል የነሣው እሱ ነው» ብሎ ይመሰክራል፤ የራሱ ስም ከዚያ በኋላ ይመጣል። በጊዜ ብዛት ግን ምስክርነቱ ከስሙ ጋር ተጣበቀና አንበሳው ንጉሡ ራሱ ሆነ። እኔ ይህን የአንድ ማኅተም ታሪክ አድርጌ ብቻ አላየውም። በቤተ መንግሥትና በቤተ ክርስቲያን መካከል በ2000 ዓመት ውስጥ የሆነው ነገር በጠቅላላው እዚያ ማኅተም ላይ አለ።

ደግሞ ሐረጉ የተቀዳበትን ቦታ፣ የዮሐንስን ራእይ 5ኛ ምዕራፍ ተመልከቱ። መጽሐፉን የሚከፍት ጠፍቶ ዮሐንስ ሲያለቅስ፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ አታልቅስ፣ አንበሳው ድል ነሥቷል ይለዋል። ዮሐንስ አንበሳውን ለማየት ቀና ይላል። የሚያየው ግን በግ ነው፤ ያውም እንደ ታረደ ሆኖ የቆመ በግ። አንበሳው የት ሄደ? የትም አልሄደም። አንበሳው በጉ ነው። የታረደበት ምልክትም በዙፋኑ መካከል ቆሞ ሳለ እንኳ አልጠፋም። ይህን ምልክት አደራ ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች ይህን ንጉሥ ሲያመልኩ ምን ዓይነት ዜጎች ሆኑ? እ.ኤ.አ. ሐምሌ 17 ቀን 180 በካርታጎ በአገረ ገዢው ሳተርኒነስ ፊት የቀረቡ 12 ክርስቲያኖች ነበሩ፤ ሰባት ወንዶችና አምስት ሴቶች። የችሎቱ ቃል አጭር ነው፣ ግን ደርሶናል። ከእነሱ አንዱ ስፔራቱስ በቄሣር መንፈስ እንዲምል ሲታዘዝ የዚህን ዓለም ግዛት እንደማያውቅ ተናገረ። አመፀኛ ነው ልትሉ ትችላላችሁ። እሱ ግን ወዲያው ጨመረበት፦ አልሰረቅሁም፣ ዕቃ ስገዛም ቀረጡን እከፍላለሁ፣ የነገሥታት ንጉሥ የሆነውን ጌታዬን አውቃለሁና። እኔ ይህን ክፍል ባነበብሁ ቁጥር ቀረጡ ላይ ቆም እላለሁ። ሰውየው ለመንግሥት የሚገባውን እስከ መጨረሻው ሳንቲም ይከፍላል፤ ቀረጡን የሚከፍልበት ምክንያትና መሐላውን እምቢ የሚልበት ምክንያት አንድ ነው። ሳተርኒነስ የ30 ቀን ማሰቢያ ጊዜ ሊሰጣቸው ፈለገ። አልተቀበሉም። የዚያኑ ዕለት በሰይፍ ተቀጡ።

ከእነሱ 25 ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ በሰምርኔስ የተሠዋው አረጋዊው ጳጳስ ፖሊካርፐስም 86 ዓመት ያገለገለውን ንጉሡን መካድ እንደማይችል ተናግሮ ወደ እሳቱ ሄደ። የሰማዕትነቱን ታሪክ የጻፉት ሰዎች ቀኑን ሲመዘግቡ ሊቀ ካህናቱን ጠሩ፣ አገረ ገዢውን ጠሩ፤ የነጋሢው ስም በሚጠራበት ቦታ ላይ ግን ለዘላለም የሚነግሠው ኢየሱስ ክርስቶስ መሆኑን ጻፉ። የንጉሠ ነገሥቱን ስም አላነሡም።

ነገሩ የከበደው ቄሣር ራሱ ክርስቲያን የሆነ ጊዜ ነው። ቆስጠንጢኖስ የነገሠበት 30ኛ ዓመት ሲከበር፣ እ.ኤ.አ. በ336፣ የቂሳርያው አውሳብዮስ ባሰማው ዲስኩር ንጉሠ ነገሥቱን የሰማያዊው መንግሥት አምሳል አድርጎ አቀረበው፦ በሰማይ አንድ አምላክ፣ በምድር አንድ ንጉሥ። የአውሳብዮስን ደስታ እረዳለሁ። በእሱ ዕድሜ መጻሕፍት ሲቃጠሉ፣ ምእመናን ሲገደሉ አይቷል፤ አሁን ጳጳሳት በቤተ መንግሥት ይጋበዛሉ። ሆኖም የዚያን ቀን የተባለው ነገር ረጅም ጥላ ጣለ። አምሳሉ የሆነውን ንጉሥ ማን ይገሥጻል? በእኛም አገር ገና ትናንት፣ በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥት፣ ንጉሠ ነገሥቱ በዘራቸውና በተቀቡት ቅብዐት ምክንያት አካላቸው ቅዱስ፣ ሥልጣናቸውም የማይነካ መሆኑ በሕግ ተደንግጎ ነበር። በዚያ ድንጋጌ ውስጥ ኩርዓተ ርእሱን ፈልጌ አላገኘሁትም።

ቤተ ክርስቲያን ግን ሁልጊዜ ዝም አላለችም። እ.ኤ.አ. በ390 ዐፄ ቴዎዶስዮስ በተሰሎንቄ አንድ የጦር አዛዥ ስለ ተገደለ ሕዝቡን አስጨፈጨፈ። የሚላኑ ጳጳስ አምብሮስዮስ ንስሐ እስኪገባ ድረስ ቅዱስ ቁርባን እንደማያቀብለው ጻፈለት። ንጉሠ ነገሥቱም የክብር ልብሱን አውልቆ በሕዝብ ፊት ንስሐ ገባ። አምብሮስዮስ በሌላ ጉዳይ የማልስማማበት ብዙ ነገር ሠርቷል፤ በዚህ ቀን ግን ዙፋኑ ከማን በታች እንደሆነ አሳየ።

አሁን ወደ ጸሎተ ሃይማኖት ልውሰዳችሁ፤ የዛሬው ነገር ልብ እዚያ ያለ ይመስለኛል። ክርስቶስ በጌትነት እንደሚመጣ፣ በሕያዋንና በሙታን እንደሚፈርድ ስንናገር፣ መንግሥቱ ፍጻሜ የሌላት መሆኑን እንጨምራለን። ይህ አነጋገር መልአኩ ገብርኤል ለእመቤታችን ካበሠረው ቃል የመጣ ነው። ሆኖም ሠለስቱ ምዕት እ.ኤ.አ. በ325 በኒቅያ በደነገጉት ቃል ውስጥ አልነበረም። የገባው በቁስጥንጥንያ እ.ኤ.አ. በ381 በተሰበሰቡት 150 አባቶች ስም በሚታወቀው ቃል ነው። ለምን አስፈለገ?

የአንቂራው ጳጳስ ማርኬሎስ የኒቅያ ሰው ነበር፤ አርዮስን የተዋጋ፣ ለአትናቴዎስ የቀረበ። ነገር ግን በ1ኛ ቆሮንቶስ 15 ላይ ቅዱስ ጳውሎስ ወልድ መንግሥቱን ለአብ አሳልፎ እንደሚሰጥ የጻፈውን ይዞ፣ የክርስቶስ መንግሥት አንድ ቀን ታበቃለች ብሎ አስተማረ። ቃል ሥጋን የለበሰው ለእኛ መዳን ነው፤ ሥራው ሲፈጸም ሥጋው ምን ያደርግለታል? ንግሥናውም ከሥጋው ጋር የተያያዘ ነውና ያልፋል። ማርኬሎስ ይህን ያለው የእግዚአብሔርን አንድነት ለመጠበቅ ነበር። የኢየሩሳሌሙ ቄርሎስ ግን በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ለንኡሰ ክርስቲያን ሲያስተምር በገላትያ ብቅ ካለው ከዚህ ትምህርት እንዲጠበቁ አጥብቆ አስጠነቀቃቸው።

ቄርሎስ የተጨነቀው ለቃላት ጥራት ብቻ ነበር ብዬ አላምንም። ልጅ ጠላትን ድል ነሥቶ አገሩን ለአባቱ ሲያስረክብ ከቤት አይባረርም፤ ርስቱም ክብሩም የጋራ ናቸው። ጳውሎስም የሚናገረው ስለዚህ ዓይነት ርክክብ ነው። ማርኬሎስ ልክ ቢሆን ኖሮ ግን የሰው ሥጋ ለሰማይ ለጊዜው ብቻ የተፈለገ መሣሪያ በሆነ ነበር፤ ሥራው ሲያልቅ የሚጣል። አባቶች እምቢ ያሉት ለዚህ ነው። ከእመቤታችን የነሣው ሥጋ፣ በመቃ የተመታው ራስ፣ በችንካር የተወጋው እጅ ለዘላለም በዙፋኑ ላይ ነው። ተዋሕዶ በሚለው ስም የምንጠራ ኢትዮጵያውያን ይህን ከማንም በላይ ልናውቀው ይገባል፤ መለኮትና ትስብእት ከተዋሐዱ በኋላ መለየት የለም፣ ዘላለምም ቢሆን። በራእዩ ውስጥ በጉ የታረደበት ምልክት ያልጠፋው ስለዚህ ነው። አጽናፈ ዓለሙን የሚገዛው ቁስል ያለበት የሰው አካል ነው።

ይህን ያመነ ሰው በምድር ላይ የሰው አካል ሲገረፍ እያየ እንዴት «ፖለቲካ ነው» ብሎ ያልፋል?

በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ይህ እምነት በእሳት ተፈትኗል። ሮማዊው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ የክርስቶስ ንጉሥን በዓል በታኅሣሥ ወር 1925 እ.ኤ.አ. የደነገጉት ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሙሶሊኒ ሮም ላይ በሠለጠነበት ዘመን ነው። በጀርመን ደግሞ የሂትለር ሰዎች ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥት ክንፍ ሊያደርጉ ሲነሡ፣ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1934 ባርመን ላይ 139 መልእክተኞች ተሰብስበው፣ ከሕይወታችን ውስጥ የክርስቶስ ያልሆነ፣ ለሌላ ጌታ የሚተው አንድም ክፍል እንደሌለ አወጁ። ረቂቁን በዋናነት የጻፈው ካርል ባርት ነበር። ትልቅ ቃል ነው። ነገር ግን ስለ አይሁድ መከራ አንዲት ቃል አልተናገረም፤ ባርት ራሱ በስተርጅና ይህን እንደ ጥፋት ቆጥሮታል። የክርስቶስን ንጉሥነት ለቤተ ክርስቲያን ነፃነት ብቻ ከተናገርነው፣ ከግቢያችን ውጭ የሚመታውን ሰው ከረሳነው፣ ግማሹን ተናግረናል።

የእኛዎቹን ምስክሮች በሩቅ መፈለግ አያስፈልግም። ፋሺስቶች አቡነ ጴጥሮስን ለኢጣልያ ተገዙ ብለው ሕዝቡን እንዲሰብኩ፣ አርበኞችንም እንዲያወግዙ ጠየቋቸው። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በጥይት ተገደሉ፤ ሕዝቡም ምድሪቱም ለወራሪ እንዳይገዙ አውግዘው። ደርግ የፓትርያርኩን የአቡነ ቴዎፍሎስን መንበር በ1968 ዓ.ም. የነጠቀው ጳጳሳትን ከመንግሥት ሳያስፈቅዱ በመሾማቸው ነበር። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ከአገር የሚወጡበት መንገድ ተመቻችቶላቸው ሳለ መንጋዬን ትቼ አልሄድም አሉ። ፓትርያርኩና ቄሱ፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ያላገለገሉት ሁለቱ ሰዎች፣ በ1971 ዓ.ም. ክረምት በአንድ አገዛዝ እጅ በስውር ተገደሉ። መቃብራቸው ለዓመታት አልታወቀም ነበር። ኦርቶዶክሱና ወንጌላዊው ክርስቲያን በብዙ ነገር ስንከራከር እነዚህን ሁለት አካላት አብረን ማስታወስ ያቃተን ለምንድን ነው? ይህ ዘወትር የሚቆጠቁጠኝ ነገር ነው።

ዛሬስ? ዛሬ «ሥዩመ እግዚአብሔር» የሚለው ማዕርግ ከሕግ መጽሐፍ ወጥቷል፤ ከአፋችን ግን አልወጣም። ሹመኛ በተለወጠ ቁጥር «ይህን መሪ እግዚአብሔር አስነሣው» የሚል ትንቢት የሚያወርድ መድረክ አይጠፋም። የራሱን ብሔር ጦርነት የክርስቶስ ጦርነት አድርጎ የሚባርክ ካህንም ሰባኪም አይተናል፤ በሁሉም ወገን። ንግግሬ ካስቀየማችሁ ይቅር በሉኝ፤ ግን ሎሌዎቹ እንዳይዋጉለት የከለከለውን ንጉሥ ስም የጦር መፈክር ማድረግ የጭፍሮቹን ዘበት መድገም ነው። እነሱ እንኳ ባለማወቅ አደረጉት።

ማቴዎስ በ25ኛው ምዕራፍ ይህ ንጉሥ በክብሩ ዙፋን ተቀምጦ አሕዛብን ሁሉ ሲሰበስብ ያሳየናል። ፈራጁን በግልጽ «ንጉሥ» ብሎ ይጠራዋል። የሚጠይቃቸውም ስለ ረኃብ፣ ስለ ጥማት፣ ስለ ዕርቃን፣ ስለ በሽታ፣ ስለ እስራት፣ ስለ መጻተኝነት ነው። ሁሉም የሰው አካል ጉዳዮች ናቸው። በአንቂራው ክርክር ያልነውን ካመንን አይደንቀንም፤ ሥጋን የለበሰው ንጉሥ በሥጋ ላይ የተደረገውን በራሱ ላይ እንደ ተደረገ ይቆጥራል። በድንኳን ክረምቱን የሚያሳልፈው ተፈናቃይ፣ ክስ ሳይመሠረትበት ወራት የሚቆጥረው እስረኛ፣ በባሕረ ሰላጤ አገሮች ፓስፖርቷን ነጥቀው ቤት የሚዘጉባት እኅታችን፣ እነዚህ የዚህ ንጉሥ የመንግሥት ጉዳዮች ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ጉዳዮች።

በዚያ ምዕራፍ አንድ ነገር ሁሌ ያስጨንቀኛል። በቀኝ ያሉትም በግራ ያሉትም መቼ አየንህ ብለው ይጠይቃሉ። ሁለቱም አላወቁትም ነበር። የሚለያቸው በዚያን ጊዜ ያደረጉት ነገር ብቻ ነው። ሊጠየቁ የሚቆሙትም ሹማምንት ብቻ አይደሉም፤ አሕዛብ ሁሉ ይላልና ጳጳሱም፣ ፓስተሩም፣ ነጋዴውም፣ ይህን ዲስኩር የማሰማው እኔም፣ የምትሰሙኝ እናንተም እዚያ ሰልፍ ውስጥ ነን። ጥያቄው ዛሬ ተነግሮናል፤ ተሰውሮ የሚመጣ ፈተና አይደለም።